ካርፕና አምባዛ፦ ከኩሬ ወለል የሚመገቡ ዓሦች የጤና አጠባበቅ

መግቢያ

በጓሮ ኩሬ ዓሣ ማርባት የሚጀምሩ ቤተሰቦች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በቆሮሶ ነው። ቆሮሶ ምግብ ሲጣልለት ወደ ውሃው ፊት ስለሚወጣ፣ በደንብ መብላት አለመብላቱንና ቁስል ያለበት መሆን አለመሆኑን በዓይን ለማየት ይቻላል። ካርፕና አምባዛ ግን ኑሯቸውም ምግባቸውም ከኩሬው ወለል ላይ ነው። ካርፕ ጭቃውን እየማሰ፣ አምባዛም በጺሙ እየዳሰሰ ከውሃው ሥር ይውላሉ። አርቢው የሚያያቸው በመረብ ሲያወጣቸው ብቻ ነው። ሳይጠመዱ ወደ ላይ ወጥተው ሲንሳፈፉ ካያቸው ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ቀናት አልፈዋል ማለት ነው።

በመሆኑም እነዚህን ዓሦች ጤናማ አድርጎ ማቆየት ከሁሉ በፊት የኩሬውን ወለል መጠበቅ፣ ከዚያም የማይታየውን ዓሣ በምልክት ማወቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያቀረብነው ከ100 እስከ 300 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው፣ አንድ ቤተሰብ በራሱ ጉልበት ቆፍሮ የሚይዘውን ኩሬ የሚመለከት ነው። ለሰፋፊ ኩሬዎችም መሠረቱ ያው ነው።

የዓሦቹ ጠባይ

ካርፕ፣ ብዙ ሰው ዱባ የሚለው፣ ወደ አገራችን ከውጭ የገባ ዓሣ ሲሆን ዛሬ በዝዋይና በቆቃ ይሠገራል። በአፉ ግራና ቀኝ ሁለት ጥንድ አጫጭር ጺሞች አሉት። አፉን ወደ ፊት ዘርግቶ ጭቃውን ይስባል፤ ትሉንና የነፍሳቱን እጭ አስቀርቶ ጭቃውን መልሶ ይተፋል። ጥርሶቹ ያሉት በጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራ የለውም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ ማቆየት ስለማይችል በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ቢሰጠው በአንድ ጊዜ ከሚጫንለት ይልቅ ይጠቀማል።

አምባዛ የአገራችን ወንዞችና ሐይቆች ተወላጅ ነው። አራት ጥንድ ረጃጅም ጺሞች አሉት፤ ሰውነቱ ቅርፊት የሌለው ልሙጥ ቆዳ ነው። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ ብልት ስላለው፣ ሌላ ዓሣ በሚሞትበት ውሃ ውስጥ ይቆያል። በዚሁ ምክንያት አምባዛ በየጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ጎርሶ ይመለሳል። ይህ ጤንነቱ እንጂ ሕመሙ አይደለም፤ አዳዲስ አርቢዎች በዚህ ሲደናገጡ አይተናል። የሚያሠጋው አምባዛው ወጥቶ መመለሱን ትቶ፣ አፉን ወደ ላይ ጅራቱን ወደ ታች አድርጎ በውሃው ፊት ላይ የቆመ እንደሆነ ነው።

ሁለቱም የሚወዱት ሙቀት ያለው ውሃ ነው። አምባዛ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ ሲሆን፣ በደጋ ኩሬ ውስጥ አይሞትም እንጂ ዕድገቱ ይዘገያል። ካርፕ ብርዱን ይበልጥ ይችላል። ከወይና ደጋ በላይ ያላችሁ አርቢዎች በካርፕ ብትጀምሩ እንመርጣለን።

ወለሉ

ከወለል የሚመገብ ዓሣ የሚተነፍሰው፣ የሚበላውና የሚተኛው ቆሻሻው ሁሉ በሚወርድበት ቦታ ላይ ነው። ያልተበላ መኖ፣ ኩስ፣ የረገፈ ቅጠልና የሞተ ዋቅላሚ ሁሉ ወደ ታች ይሰምጣሉ። በመጠኑ ሲሆን ይህ ጥሩ ነው፤ ትሉና እጩ የሚራቡት በዚሁ ላይ ነው። ከመጠን ሲያልፍ ግን ጭቃው አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

የጭቃውን ሁኔታ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። በወር አንድ ጊዜ ጥልቀት ካለው ቦታ አንድ እፍኝ ጭቃ አውጡ። ከላይ ቡናማ ሆኖ፣ ከሥሩ ጠቆር ብሎ፣ ሽታው የእርጥብ መሬት ሽታ ከሆነ ደህና ነው፤ ቀያይ ቀጫጭን ትሎች ከታዩበት ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት ከሆነ፣ በረገጣችሁትም ጊዜ አረፋ የሚወጣ ከሆነ ወለሉ ታሟል። ያ ሽታ ዓሣን የሚመርዝ ጋዝ ነው። በእንዲህ ያለ ኩሬ የሚኖር አምባዛ ጺሙ እየተበላ ያጥራል፣ ጫፉም ይነጣል። በጠመዳችሁት ዓሣ ላይ በቅድሚያ ጺሙን እንድትመለከቱ የምንመክረው ለዚህ ነው፤ ከሰውነቱ ሁሉ ዘወትር ጭቃውን የሚነካው እሱ ነውና።

ወለሉ የታመመ እንደሆነ መኖና ፍግ መስጠት ወዲያውኑ መቆም አለበት። ውሃ በቂ ከሆነ በማፍሰሻው በኩል ከሥር ያለውን ውሃ ቀስ በቀስ እያስወጡ በላይ አዲስ ማስገባት ይረዳል። ጭቃውን በእንጨት ማማሰል ግን ዓሣው ኩሬው ውስጥ እያለ ፈጽሞ አይደረግም። የታፈነውን መርዝ ወደ ውሃው መልቀቅ ይሆናል።

ትክክለኛው መድኃኒት ከእያንዳንዱ ምርት በኋላ ኩሬውን ማድረቅ ነው። ውሃው ሙሉ በሙሉ ይፈስሳል፤ ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ በፀሐይ ይቆያል፤ በአብዛኛው ቦታ በበጋ ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ከዚያም የላይኛውን ጥቁር ጭቃ አንሥቶ ለጎመን ወይም ለድንች መደብ ማዋል ነው። ከአንድ ዓመት ኩሬ የወጣ ጭቃ በጓሮ አትክልት ላይ የሚያሳየውን ውጤት ያየ አርቢ ዳግመኛ ማድረቁን አይረሳም። ሲደርቅ የጥገኛ ትሎች ዕንቁላል፣ ቀንድ አውጣና አልቅት አብረው ይጠፋሉ። በደረቀው ወለል ላይ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ የእርሻ ኖራ መበተን አሲዳማነቱን ያበርዳል። ኖራና ፍግ በአንድ ቀን አይሰጡም፤ ከኖራው በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ፍጉን ማስገባት ይገባል።

ካርፕ ሲምስ የኩሬውን ጠርዝ ከሥሩ ይንደዋል። ስለዚህ ግድግዳው ተዳፋት ሆኖ ሣር ቢለብስ፣ ውሃ የሚገባበትም ቦታ በድንጋይ ቢነጠፍ መልካም ነው። ድንጋዩ ግን ለስላሳ ይሁን፤ በተለይ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ስለታም ድንጋይ ይቧጭረዋል፣ ቁስሉም የበሽታ በር ይሆናል።

ድፍርስ ውሃን ስለ ማወቅ

የካርፕ ኩሬ ሁልጊዜ ድፍርስ ነው። ድፍርስነቱ ግን ሁለት ዓይነት ሊሆን ስለሚችል መለየት ያስፈልጋል። አንድ ጠርሙስ ሙሉ የኩሬ ውሃ ቀድታችሁ እስከ ማግስቱ ሳትነኩ አቆዩት። በማግስቱ ጭቃ ከሥር ተኝቶ ውሃው ከጠራ፣ ያደፈረሰው ዓሣው ነው ወይም ጎርፍ ነው። ውሃው እንደ አረንጓዴ ከቀረ ደግሞ ዋቅላሚ አለበት ማለት ነው። አረንጓዴው ለዓሣው ምግብም አየርም ስለሚሆን የምንፈልገው እርሱን ነው።

መጠኑን በክንድ ለኩ። እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ውሃው ስትከቱ ጣቶቻችሁ ከዓይን የሚሰወሩት ውሃው እስከ ክርናችሁ ገደማ ሲደርስ ከሆነ ተመጣጣኝ ነው። ገና አንጓችሁ ሳይሰምጥ ከተሰወሩ ዋቅላሚው በዝቷልና ፍግ ይቁም። ክርናችሁን አልፎም የሚታዩ ከሆነ ውሃው ደሃ ነው፤ ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት ከ8 እስከ 10 ኪሎ የከብት ፍግ ወይም ከ2 እስከ 3 ኪሎ የዶሮ ኩስ ቢሰጠው ይሻሻላል። ጭቃው በጣም የበዛ እንደሆነ ግን በኩሬው የገባው ካርፕ ከልክ በላይ መሆኑን መጠርጠር ነው። በፍግ ብቻ በሚያዝ ኩሬ ለ100 ካሬ ሜትር ከ50 ካርፕ በላይ ባይገባ እንመርጣለን።

የሌሊት አየር እጥረት

በቤተሰብ ኩሬ ከበሽታ ሁሉ ይልቅ ዓሣ የሚፈጀው አየር ነው። ዋቅላሚው በቀን ብርሃን ሲያገኝ ኦክሲጅን ይሠራል፤ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። የሚበሰብሰው ጭቃም ቀንና ሌሊት ኦክሲጅን ይበላል። ስለዚህ በውሃው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ከሁሉ ጊዜ የሚያንሰው ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ነው፤ ከቦታም ቦታ የሚያንሰው ከወለሉ ላይ ነው። በክረምት ሰማዩ ለተከታታይ ቀናት ጠቁሮ ሲውል ዋቅላሚው በቀን በቂ ሳይሠራ ሌሊቱ ይመጣል። ድንገተኛ ብርቱ ዝናብ ወይም በረዶ ሲወርድ ደግሞ ቀዝቃዛው ውሃ ወደ ታች ሰምጦ አየር የሌለውን የወለል ውሃ ወደ ላይ ይገለብጠዋል።

ለማስረጃ ያህል ያጋጠመንን እንንገር። አንድ አርቢ በነሐሴ ወር ዓሦቹ መኖ ቀንሰውበት ኖሮ፣ ተርበው ነው በማለት ሁለት ከረጢት የዶሮ ኩስ ጨመረ። ሦስት ቀን ፀሐይ አልወጣም። በአራተኛው ቀን ማለዳ ሲወጣ የኩሬው ፊት በካርፕ ሬሳ ነጭ ሆኖ አገኘው። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ይሆናል ያለው ምርት ነበር። ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ተጣልተው ስለነበር መርዝ አስገብቶብኛል ብሎ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ደረሰ፤ ወደ ፖሊስም ሊሄድ ጥቂት ቀረው።

እኛ በስፍራው ስንደርስ የጠየቅነው ሦስት ነገር ብቻ ነበር። መጀመሪያ የሞተው የትኛው ነው? ትላልቆቹ። እንቁራሪቱና በውሃው ላይ የሚሮጠው ነፍሳት አለ ወይ? አለ። አምባዛውስ? አምባዛው በሕይወት አለ፤ ከአሥራ ሁለቱ አንድም አልሞተም። መርዝ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ትልቅ ሳይለይ፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ነፍሳቱንና እንቁራሪቱንም ጨምሮ በፈጀ ነበር። አየር ሲያልቅ ግን ትልልቁ ዓሣ ይቀድማል፣ ጊዜውም ማለዳ ነው፣ ከላይ አየር የሚጎርሰው አምባዛም ይተርፋል። ጎረቤቱ ከደሙ ንጹሕ ነበር። ይህን ልዩነት ማወቅ ዓሣን ብቻ ሳይሆን ጉርብትናንም ስለሚያድን በዝርዝር ጻፍነው።

ከመሞታቸው በፊት ምልክት አለ። በማለዳ ካርፖቹ ውሃ በሚገባበት አፍ ላይ ተሰብስበው ከንፈራቸውን ከውሃው ፊት ላይ አድርገው ሲምጉ ይታያሉ፤ ሰው ሲጠጋ ወደ ታች ይገቡና ወዲያው ይመለሳሉ። ይህ በታየ ዕለት መኖም ፍግም አይሰጥም። አዲስ ውሃ ካለ ከፍ ካለ ቦታ እየተንፏፏ እንዲገባ ይደረግ። የሚገባ ውሃ ከሌለ ከራሱ ከኩሬው በባልዲ እየቀዱ ከትከሻ ቁመት ላይ መልሶ ማፍሰስ ነው። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰው እየተፈራረቀ ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ቢሠራ ኩሬውን ሊያድን ይችላል። በሐምሌና በነሐሴ ፍጉን በግማሽ መቀነስና ማለዳ ማለዳ ኩሬውን መጎብኘት የሁልጊዜ ልማድ ይሁን።

አመጋገብ

ከወለል ለሚበላ ዓሣ የሚሰጥ መኖ መስመጥ አለበት። ደረቅ ፉርሽካ በውሃው ላይ ሲበተን ነፋስ ወደ ዳር ይገፋዋል፤ ግማሹ ሳይበላ ይበሰብሳል። ፉርሽካውን ከኑግ ፋጉሎ ጋር በውሃ አቡክቶ በእጅ እየጠፈጠፉ መስጠት ይሻላል። ከቄራ የሚገኝ ደም ተቀቅሎና ደርቆ ቢጨመርበት፣ በተለይ ለአምባዛ፣ ጠቃሚ ነው።

መኖውን ዘወትር በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ስጡ። ቦታው ላይ አንድ ሰፌድ ወይም ጠርዝ ያለው ሣንቃ በአራት ገመድ አስራችሁ፣ ድንጋይ አስቀምጣችሁበት ወደ ወለሉ አውርዱ። ዓሣው የማይታይ ስለሆነ የምታዩት ሰፌዱን ነው። መኖ ከተሰጠ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስታወጡት ባዶ ከሆነ ዓሦቹ ደህና ናቸው። ግማሹ ከቀረ በማግስቱ ቀንሱ። ትናንት ሲጨርሱት የነበረውን ዛሬ ካልነኩት ግን በኩሬው ውስጥ አንድ ነገር ደርሷል፤ ሌላ ምልክት ሳትጠብቁ መኖ አቁማችሁ ጭቃውንና ውሃውን መርምሩ። ካርፕ ሲምስ ከጭቃው የሚወጡ ጥቃቅን አረፋዎች በውሃው ፊት ላይ መንገድ ይሠራሉ፤ ይህ መንገድ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወር ማየትም ደኅንነታቸውን ያመለክታል።

መጠኑን በግምት አትስጡ። በወር አንድ ጊዜ አሥር ዓሣ ይዛችሁ መዝኑ። ለምሳሌ 50 ካርፕ ቢኖራችሁና አንዱ በአማካይ 200 ግራም ቢመዝን ጠቅላላው 10 ኪሎ ይሆናል፤ የዚህ ከመቶ ሦስት እጅ 300 ግራም ሲሆን የቀኑ መኖ ይህ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋው ሌሊቱ ሲበርድ ዓሣው መፍጨት ስለማይችል መኖውን ቀንሳችሁ ውሃው ከሞቀ በኋላ፣ ከጧቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ ስጡ። የሻገተ ፋጉሎ ለከብትም ለዓሣም መርዝ ነው፤ ሻጋታውን አራግፎ መስጠት አያድነውም።

አምባዛ ትልቁ ትንሹን ይበላል። በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ በመጠን እየለዩ ማስቀመጥ ካልተቻለ፣ ቢያንስ ሲገቡ እኩል የሆኑትን መምረጥ ያስፈልጋል።

ተለይተው የሚታወቁ በሽታዎች

አብዛኛው በሽታ የሚገባው ከአዲስ ዓሣ ጋር ነው። ጫጩት ስታመጡ ከመነሻው አንድ ቀን በፊት መኖ እንዳይሰጣቸው አድርጉ፤ የመጡበትን ፌስታል በኩሬው ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ አንሳፍፋችሁ ሙቀቱ ሲስተካከል ልቀቁ። ትንሽ ተጨማሪ ጉድጓድ ወይም በርሜል ካላችሁ አዲሶቹን ለሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ለይታችሁ አቆዩ። ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የተያዘ ዓሣ ግን ሳይለይ በቀጥታ ከቶ አይግባ።

በቆዳው ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር በቅሎ ቢታይ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ጤነኛ ቆዳ ላይ አይበቅልም፤ በመረብ ወይም በእጅ የተላጠ ቦታ ይፈልጋል። ዓሣን በእርጥብ እጅ መያዝና በብርድ ወራት ማጥመድን መቀነስ ከመድኃኒት ይበልጣል።

እንደ ጨው ቅንጣት ያሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ሰውነቱን ቢሸፍኑ፣ ይህ ለወለል ዓሦች የባሰ በሽታ ነው። ጥገኛው ከቆዳው ሥር አድጎ ሲጨርስ ይወድቅና በወለሉ ላይ ተጣብቆ ይከፋፈላል፤ ከአንዱም ብዙ መቶ ጥቃቅን ይወጣሉ። በ25 ዲግሪ ውሃ ይህ ዙር ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ከወር በላይ ሊወስድ ይችላል። ዓሣው ጥቂት ከሆነ በሳፋ አድርጎ በየቀኑ ወደ ሌላ የታጠበና የደረቀ ሳፋ ማዛወር፣ የወደቁትን ጥገኞች እያስቀሩ መሄድ ማለት ስለሆነ ጥሩ ዘዴ ነው።

ካርፕ ጎኑን ከወለሉ ጋር እየፋተገ ብልጭ ብሎ ሲገለበጥ ቢታይ በቆዳው ወይም በስንጥቡ ላይ በዓይን የማይታዩ ጥገኞች አሉበት። ከቅርፊቶቹ መካከል ቀጭን ክር መሰል ነገር ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ጥቃቅን ከረጢቶች ካሉት መልሕቅ ትል ይባላል፤ ጭንቅላቱን እንደ መልሕቅ በሥጋው ውስጥ ቀብሯል። በወረንጦ ከሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ መንቀል ይቻላል። ልጆቹ ግን በውሃው ውስጥ ስለሚዋኙ ኩሬውን ሳያደርቁ አይጠፉም።

የአምባዛን ሆድ ሲሰነጥቁ የተጠቀለሉ ትሎች ይገኛሉ። እነዚህ ወደ ዓሣ በል ወፎች የሚሄዱ ትሎች ልጆች ናቸው፤ ወፎቹ በኩሳቸው ዕንቁላሉን ይዘው ይመጣሉ። ከኩሬው በላይ ክር መዘርጋት ወፉን ይቀንሳል። ሆድ ዕቃው ወዲያው ወጥቶ ይቀበር፤ ሥጋው በደንብ ከበሰለ አይጎዳም። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር እንደሚዘወተረው ዓሣን በጥሬው መብላት ግን እኛ የምንመክረው አይደለም።

ቀያይ ቁስሎች፣ የተነፋ ሆድ፣ የቆሙ ቅርፊቶች ሲታዩ የባክቴሪያ በሽታ ነው። የታመሙትን አውጥቶ ከኖራ ጋር መቅበር፣ መኖ መቀነስና ውሃ መለወጥ ነው። ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የሰው ካፕሱል ፈትቶ ኩሬው ላይ መበተን በየቦታው እየተለመደ መጥቷል። በኩሬ ውስጥ ተበትኖ የሚቀረው መድኃኒት ዓሣውን አያድንም፤ መድኃኒቱን የሚለምዱ ተህዋስያንን ግን ያበዛል። ገንዘቡ ለኖራ ቢውል ይሻላል።

የጨው መታጠቢያ

በቤተሰብ ደረጃ የምናምነው መድኃኒት የምግብ ጨው ነው። ለሻጋታ፣ ለቆዳና ለስንጥብ ጥገኞች ይረዳል፤ ከቆዳ ሥር የገባውን የነጭ ነጠብጣብ ጥገኛና መልሕቅ ትልን ግን አይገድልም። ለ1 ሊትር የኩሬ ውሃ 10 ግራም ጨው፣ ማለት ለ20 ሊትር 200 ግራም ይሟሟል። ዓሦቹን በውስጡ ቢበዛ ለ20 ደቂቃ ማቆየት ነው። ለአምባዛ ቅርፊት ስለሌለው 10 ደቂቃ ይበቃል። ባጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ዓሣው በጎኑ ከወደቀ ጊዜው ባይሞላም ወዲያው ወደ ንጹሕ ውሃ ይዛወር። ዕቃው የፕላስቲክ ሳፋ ወይም በርሜል ይሁን። በዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ ባልዲ ከጨው ጋር ሲገናኝ ዓሣውን ይመርዛል።

ጨውን በኩሬው ላይ መበተን ከንቱ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 100 ሺህ ሊትር ውሃ ይይዛል፤ ከላይ ወዳልነው መጠን ለማድረስ 10 ኩንታል ጨው ይጠይቃል። ጥቂት እፍኝ የበተነ ሰው ያዳነው ነገር የለም።

ከኩሬ የሚርቁ ነገሮች

የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ዓሣን ለማደንዘዝ ከጥንት ጀምሮ በአገራችን የሚሠራበት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዛፉን ግን ለጥላ ብሎ ከኩሬ ዳር የሚተክል አለ፤ አይተከል። ባሕር ዛፍም ሥሩ ግድግዳውን ይሰነጥቃል፣ ቅጠሉም ወለሉን ያበላሻል።

እንዶድ ተለይቶ ሊነገርለት ይገባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ልብስ በእንዶድ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንደሚያገለግል ለዓለም አሳውቋል። ይህን የሰሙ አርቢዎች በኩሬያቸው ያለውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንዶድ ይጨምራሉ። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። ሊጠቀሙበት የሚቻለው ዓሣው ወጥቶ፣ ውሃው ጎድሎ ኩሬው ሊደርቅ በቀረበበት ጊዜ ብቻ ነው። በእንዶድም ሆነ በሳሙና ልብስ የታጠበበት ውሃ ወደ ኩሬው እንዳይወርድ፣ የፀረ ተባይ መርጫም በመግቢያው ቦይ እንዳይታጠብ መጠበቅ ያስፈልጋል። ከእርሻ የሚመጣ ጎርፍ ከኩሬው በላይ በተቆፈረ ቦይ ይዙር።

ካርፕን ከኩሬ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅም ክልክል ሊሆን የሚገባው ነገር ነው። የመረጠው ቦታ ሁሉ ጭቃውን ስለሚምስ በዚያ ለሚኖሩት ዓሦች አይበጅም። መግቢያውና ማፍሰሻው በወንፊት ሽቦ ይዘጋ።

የታመመ ዓሣን ለምርመራ ስለ ማምጣት

ከዚህ በላይ በተገለጸው መንገድ ሊታወቅ ያልቻለ በሽታ ሲያጋጥም ዓሣውን ወደ ልማት ሠራተኛው ወይም በቅርብ ወዳለው የምርምር ማዕከል ማምጣት ይቻላል። ሞቶ ያደረ ዓሣ ግን ምንም አይነግረንም፤ ከሞተ በኋላ ጥገኞቹ ይለቁታል፣ ስንጥቡም ቀለሙን ይለውጣል። ሁለት ወይም ሦስት የታመሙና አንድ ጤነኛ ዓሣ በሕይወት እያሉ፣ በራሱ በኩሬው ውሃ፣ ከፌስታሉ ሁለት ሦስተኛው አየር ሆኖ ይታሠር። አምባዛ የክንፉ እሾህ ፌስታሉን ስለሚበሳ በጀሪካን መምጣት አለበት። ከዚሁ ጋር አንድ የታጠበ ጠርሙስ እንደተከደነ ወደ ወለሉ አጠገብ አውርዳችሁ እዚያው ከፍታችሁ ሙሉት፤ ሳይወጣ እዚያው ክደኑት። ዓሦቹ መኖ ያቆሙበትን ቀን፣ በዚያ ሳምንት የጨመራችሁትን የፍግ መጠንና ዝናብ የጣለባቸውን ቀናት በወረቀት ጽፋችሁ አምጡ። ጉዞው ሌሊት ወይም ማለዳ ቢሆን ይመረጣል።